ወደ ካስ፦ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጋገሩ የእንፋሎት ባቡሮች

በዋሽንግተን ዙሪያ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ዌስት ቨርጂኒያ ጎረቤት ብትሆንም፣ አብዛኞቻችን የምናውቃት ወደ ኦሃዮ ወይም ወደ ኬንታኪ ስናልፍ በመኪና መስኮት አይተናት ነው። እኔ እዚያ ወዳለው ፖካሆንታስ አውራጃ የሄድኩት ግን አስቤበት፣ የድሮ የእንፋሎት ባቡሮቹን ለማየት፣ ቅጠሉ በሚቀላበት የመከር ወራት ነበር። ከስታንተን ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ቁጥር 250 መንገድ አንዱን ተራራ ወርዶ ሳይጨርስ ሌላውን ስለሚጀምር፣ ከርቀቱ ይልቅ ጥምዝምዙ ያደክማል። የግዛቱን ወሰን ከተሻገርኩ በኋላ ስልኬ ዝም አለ። በግሪን ባንክ ያሉት የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ከሰማይ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ያለ ረብሻ እንዲቀበሉ ሲባል፣ አካባቢው ከ1958 ጀምሮ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጣና ሆኗል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በትልቁ ቴሌስኮፕ አጠገብ የሚነዱት መኪኖች የናፍጣ ናቸው፤ የቤንዚን ሞተር ካንዴላ የሚረጨው ብልጭታ መቀበያውን ያውካልና። ካንዴላም ሆነ ባትሪ ሳይፈልግ በእሳትና በውኃ ብቻ የሚሠራ ማሽን ለመኖር ከዚህ የተሻለ ሰፈር አያገኝም ብዬ አሰብኩ።

ካስ በግሪንብራየር ወንዝ ዳር በ1901 የተቆረቆረች፣ ነጫጭ የእንጨት ቤቶቿ በአንድ መልክ የተደረደሩ የኩባንያ ከተማ ናት። የቆረቆራት የወረቀት ኩባንያ ከላይ ካለው ተራራ ቀይ ስፕሩስ የሚባለውን ዛፍ እያስቆረጠ ያወርድ ነበር። በ1942 ንብረቱ ሞወር ለተባለ የእንጨት ኩባንያ ተሸጠ፤ እርሱም በ1960 ሥራውን ዘጋ። ሀዲዱና ባቡሮቹ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተመዝነው ከመሸጥ የዳኑት የግዛቱ መንግሥት ስለገዛቸው ሲሆን፣ ከ1963 ጀምሮ ግንድ ይጫንባቸው የነበሩት ፉርጎዎች ወንበርና ጣሪያ ተሠርቶላቸው መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመሩ።

በዚህ መስመር የሚሠሩት አብዛኞቹ ባቡሮች ሼይ የሚባሉት ናቸው። ኤፍሬም ሼይ የሚሺጋን እንጨት ቆራጭ ነበር፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1881 ነው። በተለመደው የእንፋሎት ባቡር ላይ ፒስተኖቹ ትልልቆቹን መንኮራኩሮች በቀጥታ ስለሚገፉ፣ ዳገት ሲበረታ መንኮራኩሩ ሀዲዱ ላይ ይንሸራተታል። ሼይ ግን ሲሊንደሮቹን በቀኝ ጎን ቀጥ አድርጎ አቆማቸውና ከሥራቸው እንደ መኪና ሻፍት ያለ ዘንግ ከፊት እስከ ኋላ ዘረጋ፤ ዘንጉ በጥርስ አማካይነት መንኮራኩሮቹን ሁሉ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ያረፈባቸውን ጭምር፣ በአንድነት ያሽከረክራል። ይህ ሁሉ ብረት በአንድ ጎን ስለተከማቸ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ቦይለሩ ወደ ግራ ፈንጠር ተደርጎ ተቀምጧል። በግራ በኩል ቆሞ የሚያይ ሰው የተንጋደደ ቦይለር እንጂ ሌላ ነገር አያይም፤ በቀኝ በኩል የቆመ ግን የማሽኑን ሥራ አንድም ሳይደበቅበት ይመለከታል።

እነዚህ ባቡሮች እንዴት አንድ ቦታ ሊሰባሰቡ እንደቻሉ ነው እኔን እዚያ ድረስ የወሰደኝ። የእንጨት ኩባንያ ጫካው ሲያልቅ ሀዲዱን ነቅሎ ይሄዳል፤ ባቡሩንም ገና ጫካ ላለው ይሸጣል። ያገለገሉ ባቡሮችን እየገዙና እያደሱ የሚሸጡ፣ በአትላንታ እንደነበረው ሳውዘርን አይረን ኤንድ ኢኩዊፕመንት ያሉ ነጋዴዎችም ነበሩ። በካስ ቁጥር 5 በ1905 ለዚሁ መስመር አዲስ ተገዝታ መጥታ እስከ ዛሬ እዚሁ የምትሠራ ባለቤት ናት፤ የቀሩት እንግዶች ናቸው ማለት ይቻላል። ቁጥር 4 በ1922 ለሌላ የዌስት ቨርጂኒያ እንጨት ኩባንያ ተሠርታ፣ ሞወር በ1943 ያገለገለች ሆና ገዛት። ቁጥር 11 ከካሊፎርኒያ መጣች። ቁጥር 2 ደግሞ በ1928 የተሠራችው በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ በቫንኩቨር ደሴት ለነበረው የማዮ ኩባንያ ነው፤ ባለቤቱ ከፑንጃብ የተሰደደ ሲክ ሲሆን፣ በዙሪያው የቆረቆራትን ከተማ በትውልድ መንደሩ ስም ፓልዲ ብሏታል። የአንድ ስደተኛን ግንድ ስትጎትት የኖረች ባቡር አህጉር አቋርጣ እዚህ መድረሷ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ መንገደኛ ከፈረስ ጉልበቷ ይልቅ ይማርካል።

ከሁሉም ግን ታሪኳ የተገለበጠው ቁጥር 6 ናት። ሊማ ኦሃዮ በነበረው ፋብሪካ በ1945 የተሠራች የመጨረሻዋ ሼይ ስትሆን 162 ቶን ትመዝናለች። የገዛት ዌስተርን ሜሪላንድ የተባለው የባቡር ድርጅት ዳገቱ ለበረታ ለአንድ የከሰል ማዕድን መስመር ነበር፤ ማዕድኑ ሲዘጋ ከአራት ዓመት ያህል ሥራ በኋላ ሥራ ፈት ሆነችና በ1953 ባልቲሞር ለሚገኘው የባቡር ሙዚየም ተሰጠች። በ1980 ካስ ያረጀችውን ቁጥር 1 ለሙዚየሙ ሰጥቶ በምትኩ እርሷን ወሰደ። ሽማግሌዋ ጡረታ ወጣች፣ ጡረተኛዋ ወደ ሥራ ተመለሰች። እኔ ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ ልውውጥ አላውቅም፤ ዋና ዕድሜዋን አዳራሽ ውስጥ ቆማ ያሳለፈች ማሽን አካሏ ገና አልተበላምና።

ባቡሩን ማቆየት የገንዘብና የእጅ ሥራ ጥያቄ ነው። ሊማ የእንፋሎት ባቡር መሥራት ያቆመው በ1949 ስለሆነ መለዋወጫ የሚታዘዝበት ፋብሪካ የለም፤ የተበላው ጥርስ ወይም ኩሽኔታ በጋራዡ ይሠራል ወይም ከሌላ ባቡር ይነቀላል። በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ የተሠማሩ አባቶችን ለሚያውቅ ሰው ይህ ዓይነቱ ብልሃት እንግዳ አይደለም። ቦይለሩ ግን በብልሃት ብቻ አይታለፍም። የአሜሪካ ሕግ እሳት የነደደበትን እያንዳንዱን የሥራ ቀን ይቆጥራል፤ 1,472 ቀን ወይም 15 ዓመት፣ የቀደመው ሲደርስ ቱቦዎቹ ወጥተው ቦይለሩ ከውስጥም ከውጭም ይመረመራል። በጋራዡ ውስጥ ሆዷ ተከፍቶ የምናያት ባቡር ብዙ ጊዜ የተበላሸች ሳትሆን ቀኗ የሞላ ናት።

ጉዞው ከካስ እስከ ቦልድ ኖብ ጫፍ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ747 ወደ 1,476 ሜትር ይወጣል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህን ከፍታ ብሎ መጥራት ያሳፍራል፤ ዳገቱ ግን አይናቅም። በጣም በበረታበት ቦታ ከመቶ አሥራ አንድ ይደርሳል፣ ተራ ባቡር ግን ከመቶ ሁለት በላይ ሲሆን ይቸገራል። ከመነሻው ባቡሩ ፉርጎዎቹን ከኋላ ሆኖ ይገፋል፤ ማያያዣ ቢበጠስ ወደ ታች የሚያመልጥ ፉርጎ እንዳይኖር ነው። ተራራው ለመዞሪያ ቦታ በማይሰጥበት ስፍራ ሀዲዱ ይቆምና ባቡሩ አቅጣጫውን ቀይሮ በሌላኛው ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ይህ ሁለት ጊዜ ይደረጋል። የሚገርመው ድምፁ ነው። ዘንጉና ጥርሱ የሲሊንደሩን ምት ስለሚያበዙት፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው በከፍተኛ ፍጥነት የሚበር ባቡር ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ዓይኑን ሲከፍት ግን ከእግረኛ ብዙም ፈጥኖ እንደማይሄድ ያያል። እሳት አንዳጁ ከሰሉን በአካፋ በእጁ ይጨምራል፤ ውኃም በመንገድ ይቀዳል። ጫፉ ላይ ሰማዩ ከጠራ የግሪን ባንክ ነጭ ቴሌስኮፕ ከሸለቆው ማዶ ይታያል።

በማግስቱ ዱርቢን በምትባል ከተማ የምትሠራውን፣ ክላይማክስ የተባለ ሌላ ዓይነት የእንፋሎት ባቡር ለማየት ወደ ሰሜን ሄድኩ። በ1910 በፔንሲልቬንያ ኮሪ ከተማ ለአንድ የዌስት ቨርጂኒያ እንጨት ኩባንያ የተሠራች ናት። የእርሷ ሲሊንደሮች በሁለቱም ጎን ዘንበል ብለው ተገጥመዋል፤ ኃይሉ ግን በመካከል፣ ከሆዷ በታች በሚያልፍ ዘንግ ስለሚተላለፍ ጥርሱ ለዓይን አይጋለጥም። ጉዞዋ የወንዙን ዳር የተከተለ ሜዳማ ነውና ለልጆችና ለአረጋውያን ከካሱ ይመቻል። የማሽን ሥራ ማየት ለሚወድ ግን ቀኑ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ካስ ሄዶ በሼይዋ ቀኝ በኩል እንዲቆም እመክራለሁ።