ማሟሻው የውሻው ነው

ባቡሩ የፎርዝን ድልድይ ሲያቋርጥ ባሕሩን ጉም ሸፍኖት ነበር። ከስኮትላንዷ ኤድንብራ ስነሳ የመስኮት ወንበር የተሻማሁት ድልድዩን ላይ ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ተመርቆ እስከ ዛሬ ባቡር የሚያሳልፈው ያ ቀይ የብረት ጫካ ግን ውስጡ ሆነው ሲያዩት ቁርጥራጩ ብቻ ነው የሚታየው። አጅሬን በፖስትካርድ አየዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ጉሙ የተገፈፈው ከድልድዩ ማዶ ያለው የፋይፍ አውራጃ ከገባን በኋላ ነው። ጥቅምት ነበር፤ በየማሳው ትራክተር ድንች ያወጣል፣ ከኋላው ነጫጭ ወፎች ይራኮታሉ። ትምህርት ቤቶቹ ለሁለት ሳምንት ተዘግተዋል። ይህን ዕረፍት ዛሬም «የታቲ ዕረፍት» የሚሉት አሉ፤ ታቲ በእነሱ አፍ ድንች ነው። ድሮ ትምህርት የሚዘጋው ልጆች ማሳ ወርደው ድንች እንዲለቅሙ ነበር። አሁን ማሽኑ ይለቅማል፤ ልጆቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ።

ኩፓር ላይ ወረድኩ። ትንሽ ከተማ ናት፣ ከዋናው መንገድ ብዙም አትርቅም። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። በሩን ከፍተው «ግቢ፣ ሄን» አሉኝ። ሄን እኮ ዶሮ ነው! ሻንጣዬን እየጎተትኩ ምን አጠፋሁ ብዬ አሰብኩ። ለካ ስኮትላንዶች ሴት ሲያቆላምጡ እንዲህ ነው የሚሉት፣ እኛ «እናትዬ» እንደምንለው። እኔም በልቤ «እማማ» እላቸው ጀመር።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ቀረበ። ሳህኑ ሞልቶ ፈሷል፤ ለእኔ የሚሆነው ግን ጥቂት ነው። ጥቁሩ ክብ ነገር ደም ከአጃ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው፤ ወደ ዳር። ቤከኑ የአሳማ ነው፤ እሱም ወደ ዳር። አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ቋሊማ አለ፤ «የምን ሥጋ ነው?» ስላቸው «አንዳንዱ የበሬ፣ አንዳንዱ የአሳማ» አሉኝ። የአንዳንዱ ነገር ስላላማረኝ እሱንም ሸኘሁት። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኔ በጥቅምት ሥጋ ወደ ሳህን ዳር እየገፋሁ ነው። የቀሩት እንቁላል፣ ቲማቲም፣ በስጎ የተነከረ ቦሎቄ፣ እና የክብ ሩብ የሚያህል፣ ላዩ ቡናማ ጠቃጠቆ ያለበት ስስ ነገር።

ያን ስሱን ነገር በእጄ አነሳሁት። ይታጠፋል፣ አይሰበርም። ዳሩ ከርከር ያለ ነው፣ መሀሉ ለስላሳ። ቂጣ ነው፤ ቂጣ ሆኖ ግን ድንች ድንች ይላል። «ታቲ ስኮን» አሉኝ፤ ስኮን ሲሉም አጠር አድርገው ነው፣ «ስኮውን» የሚሉትን አይወዱም። የእሳቸውንም ድርሻ ጨምሬ ስበላ አይተው «ከሰዓት በኋላ ማድ ቤት ነይ» አሉኝ።

ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር ፀጉሩ ዓይኑን የሸፈነ ውሻ ተኝቷል። እማማ ድንች ሲልጡ ልጣጩ በብርሃን ያሳያል። ድንች በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1846 ምች ሲመታው በሰሜኑ ተራራማ አገርና በደሴቶቹ ያለው ማሳ ጠቁሮ በሰበሰ፤ ችግሩ ለዓመታት ቆይቶ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ካናዳና አውስትራሊያ ተሰደደ። ያኔ ድንች እኛ አገር ገና አልደረሰም ነበር፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር አመጣው የሚባለው ከዚያ አሥር ዓመት አልፎ ነው። ይህን ሁሉ የማስበው እሳቸው ዝም ብለው ሲልጡ ነው። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ውሻው ብቻ ነው።

500 ግራም ያህል ድንች ቀቀሉ፤ ሲበስል የሚፈረፍረውን ዓይነት። ውኃውን ካጠለሉ በኋላ ድንቹን ባዶ ድስት ውስጥ መልሰው ለስላሳ እሳት ላይ ጣዱት። «ይተንፍስ» አሉ። እንፋሎቱ ጨርሶ እስኪያልቅ ጠበቁ። ይህችን ነገር በኋላ በራሴ ጥፋት ነው ዋጋዋን ያወቅኳት፤ ውኃ የያዘ ድንች ዱቄት ይለምናል፣ ዱቄት የበዛበት ቂጣ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ቆዳ ይሆናል። ከዚያ በሹካ ደፈጠጡት፣ 25 ግራም ገደማ ያልተነጠረ ቅቤና ጨው ጨመሩበት፣ ዱቄቱን ግን በሚዛን አይደለም፣ በዓይን ነው የጨመሩት፤ እኔ ስገምተው 100 ግራም አይሞላም። ድንቹ ገና ሙቅ እያለ ነው የሚለወሰው። እጄን ሳስገባ ፈጀኝ። «ከቀዘቀዘ እሺ አይልሽም» ብለው የእሳቸውን እጅ አስገቡ፤ አልፈጃቸውም፣ ወይም አልተናገሩም። ብዙም አላሹትም፤ እንደተሰበሰበ ተዉት።

ሊጡን በመዳመጫ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ዳመጡት፣ በትንሽ ሳህን ክብ አወጡለት፣ ክቡን ለአራት ከፈሉት፣ በሹካ ወጋ ወጋ አደረጉት። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ነገር ሲያወርዱ ልቤ ደረቴን መታው። ምጣድ ነው! ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ከባድ ብረት፣ ላዩ ላይ እንደ ቅርጫት እጀታ ቅስት ያለው፤ ድሮ በሰንሰለት ከእሳት በላይ ይንጠለጠልበት የነበረ። እንግሊዞች ግሪድል የሚሉትን እነሱ ገልብጠው ግርድል ይሉታል። የእናታቸው ነበር። እኛ ቤት እናቴ ምጣድዋን በጎመንዘር ታሻለች፤ እሳቸው ደግሞ ዱቄት በተን አደረጉበት። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ ነዶበታል፤ ቀስ ብሎ ቡናማ ሲሆን ደርሷል። ጠርገው የመጀመሪያውን ጣሉ።

መጀመሪያ የወጣው አንድ ጎኑ ያረረ፣ አንድ ጎኑ የገረጣ ነበር። ሳያዩት ከጠረጴዛው ሥር ወረወሩት፤ ውሻው አየር ላይ ቀለበው። «የመጀመሪያው የእሱ ነው» አሉ። ማሟሻ! ሳቄ አመለጠኝ፤ ለምን እንደሳቅኩ ላስረዳ ብሞክርም ማሟሻን በእንግሊዝኛ መተርጎም አቃተኝ። የቀሩት በየጎናቸው ሦስት አራት ደቂቃ እየቆዩ ወጡ። እንደወጡም ንጹሕ ፎጣ ውስጥ እየደረደሩ ይሸፍኗቸዋል፣ እንዳይደርቁ። ከፎጣው ሥር ያለው ሽታ ቆሎም ነው፣ የተጠበሰ ድንችም ነው።

ዓርብ ማታ ግላስጎው፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነኝ። ትጾማለች፤ በቅቤ ፋንታ ዘይት እናደርጋለን ተባባልን። እኔ አሁን ባለሙያ ነኝ። ትንንሽ፣ ልጣጫቸው የሚያብረቀርቅ ቆንጆ ድንቾች ገዛሁ፣ ቀቀልኩ፣ ሹካ ለምን ብዬ በኤሌክትሪክ መፍጫ ፈጨሁት። ክዳኑን ስከፍት ማንኪያው ቆሞ ቀረ። ለካ ያ ዓይነት ድንች የሰላጣ ነው፣ አይፈረፍርም፤ መፍጫው ደግሞ ስታርቹን እየቀደደ ሙጫ ያደርገዋል። ዱቄት ብጨምር ብጨምር አልጠግብ አለ። የአክስቴ ልጅ አንድ ጣት ነክራ አየችው። «አንቺ፣ የሳሎኑ ወረቀት ጥጉ ላይ ተነስቷል፤ ባይሆን እሱን ለጥፊበት» አለችኝ።

ሱቁ ሳይዘጋ ሮጥኩ። «ሜሪስ ፓይፐር» የሚል የድንች ከረጢት ይዤ ተመለስኩ፤ እማማ ማድ ቤት ጥግ ያየሁት እሱን ነበር። ድስቱ ላይ አስተነፈስኩት፣ በሹካ ደፈጠጥኩ፣ እጄ እየተፈጀ ለወስኩ። ግርድል የለንም፣ ተራ መጥበሻ ነው፤ ዱቄት በተንኩበትና ቡናማ እስኪሆን ጠበቅኩ። የመጀመሪያው ዳሩ ተጣብቆ ተቀደደ። «ውሻ የለንም እኮ» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ሽሮዋን እያማሰለች። ምድጃው አጠገብ ቆሜ ራሴ በላሁት።

ጨው ረስቻለሁ። የቀረው ሊጥ ሁሉ ተዳምጦ ተሰልፏል። ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ሚጥሚጣውን ከመደርደሪያው አወረደች።