«ምን ይሰማሃል?»

ዛሬ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ ደሴ ወደምትገኘው የሥነ ልቦና አማካሪዬ ሄድኩ። «ምን ይሰማሃል?» ስባል አንደበቴ ይታሰራል። ስሜት አጥቼ አይደለም፤ ኦቲዝም ስላለብኝ ስሜቴን በስሙ ለመጥራት ጊዜ ይወስድብኛል። ዛሬ ግን የምንነጋገርበትን በተራ ጽፋ ጠበቀችኝ። እንደ ንብ የሚጮኸውን የጣሪያ መብራትም አጠፋች። ጥያቄዋም ተለወጠ፦ «ሰኞ ገበያ ስትገባ ሰውነትህ ላይ ምን ተሰማህ? ከ0 እስከ 10 ስንት ትሰጠዋለህ?»

ትከሻዬ፣ 8። ለካ መልሱ ነበረኝ!

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኦቲስቲክ አዋቂዎች በሥነ ልቦና ሕክምና ጊዜ ግልጽ አነጋገር፣ ጽሑፍና ሥዕል፣ በየመሃሉም እረፍት ይሰጥ ብሏል። ምሳሌያዊ አነጋገርም ይቀነስ ይላል (ወሎ ውስጥ ይህ እንዴት ይቻላል?)።

ማታ ቡና ላይ እናቴ «ምን አወራችሁ?» አለችኝ።

«ስለ ትከሻዬ።»

«አብሽር ልጄ! ታዲያ ወጌሻ ዘንድ አትሄድም ነበር?»