የዊል አጎት

ዛሬ ማታ አዘዞ እህቴ ቤት አመሸሁ። ልጇ ላፕቶፑ ላይ «ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ኦፍ ቤል ኤር» የተባለውን የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ከፍቶ ጠበቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታየው ክፍል ነው። አጎቱ ቤት የሚኖረው የዋናው ገጸ ባሕርይ የዊል አባት፣ ሉ፣ ከ14 ዓመት በኋላ ድንገት ብቅ ይላል።

ሰውየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አብረን እንጓዛለን ብሎ ለልጁ ቃል ይገባል። አጎቱ ፊል ቢከለክለው ዊል «አንተ አባቴ አይደለህም!» ብሎ ይጮህበታል። ከዚያ ዊል ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ አባትየው ሰበብ ደርድሮ ሊሄድ ነው። ሲሰናበቱ ዊል አባዬ አላለውም። ሉ ብሎ በስሙ ጠራው። እዚህ ላይ ሆዴ ባባ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዊል ለቅሶ ነው። መንዳቱንም ጢም መላጨቱንም ያለ አባት እንደተማረ ይናገርና፣ በመጨረሻ ለምን እንዳልፈለገው ይጠይቃል። እኔ ግን ዓይኔ ፊል ላይ ቀረ። ያ ስድብ ገና ትኩስ ነው። ቂም የለውም፣ ምክር አያበዛም። ዝም ብሎ አቀፈው። ከዚያ ካሜራው ዊል ለአባቱ የገዛው ስጦታ ላይ ያርፋል፤ የአባትና የልጅ ቅርጽ ነው።

እኔን ያሳደገኝ አጎቴ ነው። አራዳ ሱቅ ነበረው። የወላጆች ቀን ሲሆን ሱቁን ዘግቶ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድም ቀን አባዬ ብዬው አላውቅም፤ ጋሼ ነው የምለው።

ክፍሉ እንዳለቀ በረንዳ ወጥቼ ደወልኩለት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል።

«ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ? እራት በልተሃል?» አለኝ።