ጅማ ላይ ግማሽ ማራቶንን ከ1፡45 በታች የሮጥኩበት መንገድ

ጅማ ውስጥ ቁምጣ ለብሶ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ጎልማሳ ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንዱ "ክለብህ የት ነው?" ሌላው "ስንተኛ ወጣህ?" ለሁለቱም መልስ የለኝም። ቀኑን ወንበር ላይ የምውል የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ አርባን እየተጠጋ ነው። ክለብ የለኝም፣ ሜዳሊያም አልጠብቅም። የራሴን ሰዓት ማሻሻል ግን እፈልጋለሁ።

እዚህ አገር እንዲህ ብሎ መናገር ትንሽ ያሳፍራል። ዮሚፍ ቀጄልቻ በ2017 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን፣ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ጨርሷል። ለተሰንበት ግደይ እዚያው ከተማ በ2014 ዓ.ም. በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገብታለች። የዮሚፍ ፍጥነት ለአንድ ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። በ400 ሜትር፣ ማለትም በአንድ የሜዳ ዙር፣ ሲሰላ 65 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። እኔ እንደምንም ብዬ አንዱን ዙር በዚያ ፍጥነት ብሮጥ፣ ሁለተኛውን ዙር ሣሩ ላይ ተኝቼ ነው የማየው።

የኔ ምርጥ ሰዓት 1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነበር። ከ1፡45 በታች መግባት ፈለግኩ። ይህ ማለት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ መሮጥ ነው። ከድሮው ፍጥነቴ በኪሎ ሜትር 12 ሰከንድ ብቻ መቀነስ አለብኝ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። መንገድ ላይ ግን 12 ሰከንድ ሃያ አንድ ጊዜ ሲደጋገም ነፍስ ያወጣል።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር፦ ሰዓቴ የወረደው ራሴን መግታት ስለተማርኩ ነው። በቀላሉ ቀን፣ ዳገት ላይ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሩጫው የመጀመሪያ ግማሽ።

በሳምንት አራት ቀን ነው የምሮጠው። ማክሰኞ ኢንተርቫል (እየፈጠኑ፣ እያረፉ መሮጥ)፣ ዓርብ ቀላል ሩጫ፣ ቅዳሜ ዳገት፣ እሑድ ረጅም። ሐሙስን የዘለልኩት ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ስለሆነ ነው። ከገጠር የሚገባው ሰው፣ አህያው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ መንገዱን ይሞላዋል። ሐሙስ ጠዋት ወደ ከተማ በሚያስገባ መንገድ ላይ ፔስ (የያዝኩትን ፍጥነት) እጠብቃለሁ ማለት ዘበት ነው።

የማክሰኞው ሥራ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር እየሮጡ ማረፍ ነበር። አንዱን ኪሎ ሜትር በ4፡35 አካባቢ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሶምሶማ፣ እንደገና። አምስቴ። ሲጥመኝ ስድስቴ። ደንቡ አንድ ነው፦ የመጨረሻው ከመጀመሪያው መዘግየት የለበትም። የመጀመሪያውን በ4፡20 ጨርሼ አምስተኛውን በ4፡55 ብጎተት፣ ያ ልምምድ አይደለም፤ ጉራ ነው።

ዓርብ ደግሞ በኪሎ ሜትር 6፡20። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስቃል። እኔም ሕፃናት ከኋላ መጥተው ሲያልፉኝ ትንሽ ያመኝ ነበር። "ኃይሌ! ኃይሌ!" እያሉ ደብተራቸውን ይዘው ይቀድሙኛል። ግን ቀላል ሩጫ ቀላል የሚሆንበት ምክንያት አለው። ልብና የደም ሥር የሚጠነክሩት፣ ጡንቻ ኦክስጅን መጠቀም የሚለምደው በብዛት በቀስታ በተሮጠ ኪሎ ሜትር ነው። ዓርብን አፍጥኖ የሮጠ ሰው ቅዳሜ ዳገቱ ላይ እግር የለውም። መለኪያዬ ወሬ ነው። አብሮኝ ከሚሮጠው ጓደኛዬ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። እሱ ሰርቬየር፣ መሬት ለኪ፣ ነው፤ ስለ መሬት ከጀመረ አያቆምም። ለቀላል ሩጫ ከሱ የተሻለ ሰው የለም።

ቅዳሜ ጅሬን ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ከመሀል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መጨረሻው ላይ ዳገቱ ይበረታል። አባ ጅፋር ዳግማዊ ቦታውን ሲመርጡ ስለ ሯጭ ጉልበት አላሰቡም፤ እይታው ግን ያምራል። ዳገት ላይ ሰዓት አላይም። የማየው ትንፋሼን ነው። ትንፋሼ ከፍ ሲል እርምጃዬን አሳጥራለሁ፣ እጄን አወዛውዛለሁ፣ ፍጥነቱን ለዳገቱ እለቅለታለሁ። ቁልቁለቱን ደግሞ እየተንደረደርኩ አልወርድም። ጭን የሚቀጠቀጠው ሲወርዱ ነው፤ ሕመሙ በማግሥቱ ደረጃ ላይ ይታወቃል።

ልምምዱን የጀመርኩት ክረምት ላይ ነበር። የጅማን ክረምት የማያውቅ ሰው "ዝናብ ነው፣ ምን አለው" ይል ይሆናል። ዝናቡስ ደግ ነው። ችግሩ ጭቃው ነው። ከአስፋልቱ ወርደህ ሃምሳ ሜትር ከሄድክ ቀዩ ጭቃ ጫማህ ሥር ይነጠፋል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ይለጠፋል፣ ከዚያ ቅጠልና ገለባ ይጨምርበታል። ቆመህ በእንጨት ትፍቃለህ። ስድስት እርምጃ ሄደህ እንደገና ትፍቃለህ። በመጨረሻ ኮሮኮንች ፍለጋ መንገድ ቀየርን። ጫማ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ መጠቅጠቅ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እርጥቡን ጋዜጣ በደረቅ መለወጥ፣ ጠዋት ዝግጁ ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ሙጫው ይለቅና ሶሉ አፉን ይከፍታል።

አሁን ወደ ርቀቱ ልምጣ። በአቅራቢያዬ የምገባበት ውድድር ስላልነበረ ሩጫውን ራሳችን ለማዘጋጀት ወሰንን። ራስን በራስ መፈተን ለማጭበርበር ይመቻል። ቁልቁል የሚወርድ መንገድ መርጦ ሪከርድ ሰበርኩ ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዓለም አትሌቲክስን የጎዳና ሩጫ ደንብ ተከተልን። ለሪከርድ፣ መነሻና መድረሻ በቀጥታ መስመር ሲለኩ ከውድድሩ ርቀት ግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም። መድረሻው ከመነሻው ዝቅ የሚል ከሆነም በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈታው ደርሶ መልስ ነው። የአዲስ አበባን መንገድ ይዘን ወደ ሰርቦ አቅጣጫ ሄደን፣ ግማሹ ላይ ዞረን በመጣንበት መመለስ።

የስልክ ጂፒኤስ አላመንኩም። ዛፍ ሲበዛ፣ መንገድ ሲጠማዘዝ ይቀባጥራል። ሰርቬየሩ ጓደኛዬ ያቺን እየተገፋች የምትለካ ባለ እጀታ ጎማ ከሥራ ባልደረባው ተዋሰ። አንድ እሑድ ጠዋት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራችን ገፋናት። ዘወር ባልን ቁጥር የሕፃናት ሰልፍ ከኋላችን አለ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው "ልጆቼ፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው?" አሉን።

"አይ አባባ፣ ለሩጫ ነው።"

"ለሩጫ ይለካል እንዴ? ሰው እስኪደክመው አይደለም የሚሮጠው?"

ደህና ጥያቄ ነው። ርቀቱ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ሕጋዊ የሩጫ መንገድ ሲለካ እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል። እኛም 21 ሜትር ጨመርን። መዞሪያው ላይ፣ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቀለም ቀባን። በየ5 ኪሎ ሜትሩም ትንሽ ምልክት አደረግን።

ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ኪሎ ሜትሩን ቀነስኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት በሲሶ፣ የመጨረሻውን ከግማሽ በላይ። ፍጥነቱን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፤ ማክሰኞ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር በፔስ እየሮጥኩ እግሬ እንዳይረሳ አደረግኩ። ይህ ከልምምዱ ሁሉ የከበደኝ ነው። እግር ሲያርፍ ያሳክካል። የማይታመም ነገር የታመመ ይመስላል። አከራዬ እንኳ ተጨነቁ።

"ምነው ልጄ፣ ዛሬም አልወጣህ? አመመህ እንዴ?"

"አይ እማማ፣ እያረፍኩ ነው።"

"ሳትደክም?"

"እንዳልደክም ነው።"

ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። ማታ ግን በሶ በማር በጥብጠው አመጡልኝ። የጅማ ማር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሩጫዬ ምግብ እሱ ሆነ። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ጠንካራ ሩጫ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ሯጮች የሚመጡትን የታሸገ ጄል ፍለጋ አልተንከራተትኩም። ቀጠን ያለ በሶ በማርና በትንሽ ጨው፣ አንድ ሁለት ቴምር። እሑድ እሑድ ደጋግሜ ስለሞከርኩት ሆዴ ለምዶታል። በሩጫው ቀን አዲስ ምግብ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ አይነካም።

ቡናስ? ጅማ ተቀምጦ ስለ ቡና አለማንሳት ነውር ነው። ካፌይን ጽናት ለሚጠይቅ ሩጫ እንደሚረዳ በደንብ የተጠና ነገር ነው። የሚመከረው መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም፣ ከሩጫው አንድ ሰዓት ያህል በፊት ነው። ሲኒ ግን ሚሊ ግራም አይጽፍም፤ አቦልና ቶናም አንድ አይደሉም። እኔ ከአቦሉ ሁለት ሲኒ ጠጣሁ። ቡና ሆድ ያንቀሳቅሳል፤ መጸዳጃ ቤት ቅርብ ይሁን። ከዚህ በላይ አላብራራም።

ሩጫው በኅዳር፣ የቡና ለቀማ ሰሞን ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ብርዱ ይነክሳል፤ ለሯጭ ግን ከዚህ የተሻለ አየር የለም። ቦዬ ረግረጉ አካባቢ ጭጋጉ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ጓደኛዬ በብስክሌት ነው። በሶውን የያዘውም፣ ሰዓት የሚጠራውም፣ ከመኪና የሚጠብቀኝም እሱ ነው። የምንሮጠው በግራ በኩል፣ ከፊት የሚመጣው መኪና እየታየን። ቡና የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ያለ ክርክር ከአስፋልቱ እወርዳለሁ። ሁለት ሰከንድ ትሂድ።

የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ቀለሉኝ። አደገኛዎቹም እነሱ ናቸው። ሁለት ሳምንት ያረፈ እግር ወደ 4፡45 መሮጥ ይፈልጋል፣ ትንፋሽም አይቃወምም። ጓደኛዬ ከጎኔ ሆኖ "አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል! ማን እያሳደደህ ነው?" አለኝ። ቀስ አልኩ። 5 ኪሎ ሜትሩን በ25 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አለፍኩ። ከእቅዴ በ12 ሰከንድ ዘግይቻለሁ። ሆን ብዬ ነው። መጀመሪያ ላይ የተበደርከው ሰከንድ መጨረሻ ላይ በወለድ ይከፈላል፤ ጠንክሮ የሚሮጥ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ግላይኮጅን (የተከማቸ ስኳር) ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያቆየው ነው፣ ሲፈጥን ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

መዞሪያውን በ52፡48 ዞርኩ። ይህ ፔስ እንዲሁ ቢቀጥል 1፡45 ከ36 ነው፤ አይበቃም። ፍርሃት ገባኝ። ግን እግሬ ሙሉ ነበር። ሁለት ጉንጭ በሶ፣ አንድ ቴምር፣ ከዚያ ማፍጠን ጀመርኩ። በኪሎ ሜትር 4፡54፣ 4፡53። በየደጁ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና) አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ የሚያገላብጡት ሴቶች ቀና ብለው ያዩኛል። አንዲት እናት "ጀባዹ!" (በኦሮምኛ "በርታ!") ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ኪሎ ሜትር በ4፡49 ነው የሮጥኩት፤ ይህን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው።

16ኛው ላይ መከራ ጀመረ። ከ16 እስከ 19 ያለው የግማሽ ማራቶን ክፉ ቦታ ነው። መጨረሻው አይታይም፣ መጀመሪያው ተረስቷል። እዚህ ላይ ስለ 21 ኪሎ ሜትር ማሰብ አቆምኩ። እስከዚያ ባሕር ዛፍ። እስከዚያ ቆርቆሮ ቤት። ጓደኛዬ ማውራት አቁሟል፤ እሱ ዝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው። ከተማ መግቢያው ላይ ያለችውን ዳገት የጅሬንን ያህል ባትሆንም በጅሬን ዘዴ ወጣኋት፦ አጭር እርምጃ፣ ሰዓት ሳያዩ። ላይ ስደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም የቀረኝ። አንድ ባጃጅ ሹፌር አንድ መቶ ሜትር ያህል ጡሩንባ እየነፋ አጀበኝ። ተሳፋሪዋ ሴትዮ ፊታቸውን ቢያጨፈግጉም።

1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ። መመለሻውን ከመሄጃው ከአንድ ደቂቃ በላይ ፈጥኜ ነው የሮጥኩት።

ስልኩ ግን 21.3 ኪሎ ሜትር አለ። ጓደኛዬ ወዲያው "የጎማዋ ነው ትክክሉ፣ የስልኩን ተወው" አለኝ። እኔ ደግሞ በስልኩ ቢሰላ የባሰ ፈጣን ነኝ ብዬ ተከራከርኩ። ክርክሩ እስከ ቁርስ ቆየ፤ ፍርፍሩን የከፈለው እሱ ነው።

ለሚቀጥለው ከ1፡42 በታች ይዘናል። ኪሎ ሜትሩ 4፡50 መሆኑ ነው። የማክሰኞዎቹን ኢንተርቫሎች ወደ 4፡28 ለማውረድ እየሞከርኩ ነው፤ አራተኛው ላይ ገና ይሰብረኛል። የዓርቡ ግን 6፡20 እንዳለ ይቀጥላል፣ ሕፃናቱም ይለፉኝ።