እጁስ ተሻለው

በአዲስ አበባ በአንድ የነርቭ ሕክምና ክትትል ክፍል ስሠራ፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ የ68 ዓመት አባት እንቅስቃሴን ለሚያዘገየውና እጅን ለሚያንቀጠቅጠው የፓርኪንሰን ሕመማቸው እኔ ዘንድ ይመላለሱ ነበር። ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒታቸውን መጠን ከፍ ካደረግሁ በኋላ በመጡበት ቀጠሮ፣ የቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ቀንሶ፣ ርምጃቸውም ፈጠን ብሎ ስላገኘሁት፣ ካርዳቸው ላይ «ጥሩ ለውጥ አለ» ብዬ ጻፍሁ። ጥያቄዬን ሁሉ በአንድ ቃል ይመልሱ ነበር፤ ፊታቸውም ላይ ምንም አይነበብም። ፓርኪንሰን የፊትን እንቅስቃሴ ስለሚቀንስና ድምፅንም ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ዝምታቸውን ሳልመረምር ለሕመሙ ሰጠሁት።

ሊወጡ ሲሉ ልጃቸው ወደኋላ ቀርታ፣ «ዶክተር፣ እጁስ ተሻለው፤ አባዬ ግን ቤት ውስጥ ያለ አይመስለኝም» አለችኝ። የስፌት መኪናቸውን በአንሶላ ሸፍነው «ሽጡት» እንዳሉ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው እንደምታገኛቸው፣ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ እንኳ አልሄድም እንዳሉ ነገረችኝ።

አባትየውን ለብቻቸው መልሼ አስገባኋቸውና ወንበሬን አስጠግቼ፣ «ጋሼ፣ ሆድዎን የሚያስከፋዎት ነገር አለ?» አልኋቸው። ብዙ ቆዩ። ከኮታቸው ላይ የተንጠለጠለ አንድ ቁልፍ በጣታቸው እየነካኩ፣ «ልጄ፣ ይህችን እንኳ መትከል አቃተኝ። ምነው ባልነጋ እያልሁ ነው የማድር» አሉኝ። ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው እንደሆነ በግልጽ ጠየቅኋቸው፤ እንዳላሰቡ፣ ሞት ቢመጣ ግን እንደማይጠሉት ነገሩኝ። ይህን ሳልሰማ ላሰናብታቸው እንደነበር ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ድባቴ በፓርኪንሰን ታማሚዎች ላይ የሚመጣው በሐዘን ብቻ አይደለም። ሕመሙ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ዶፓሚን ከሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት ሌላ፣ ከስሜት ጋር የተያያዙትን ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚያመነጩትንም ስለሚጎዳ፣ ድባቴው አንዳንዴ መንቀጥቀጡ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ይጀምራል። ልጃቸውም መለስ ብላ ስታስበው፣ አባቷ ከጽዋ ማኅበራቸው የቀሩት እጃቸው ከመንቀጥቀጡ በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንንም ታማሚ እጅ ከማየቴ በፊት ስለ እንቅልፉና ደስ ስለሚለው ነገር እጠይቃለሁ፤ ፊትን አይቶ መገመት በዚህ ሕመም ያሳስታል።

አብሮ ሲወሰድ አደጋ ያለውን ሴሌጂሊን የተባለ ሌላ የፓርኪንሰን መድኃኒት እንደማይወስዱ አረጋግጬ፣ ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት በትንሽ መጠን ጀመርሁላቸው፤ የምክር አገልግሎትና የአካል እንቅስቃሴም ተጨመረ። ለውጡ አዝጋሚ ነበር፤ እንቅልፋቸው ቀድሞ ተስተካከለ። በሦስተኛው ወር ሲመጡ የኮታቸው ቁልፍ ተተክሏል። የተከለችው ልጃቸው ነበረች፤ እሳቸው ግን ክሩ አለመጠበቁን እያሳዩኝ፣ እንዴት መጠምጠም እንደነበረበት ለረጅም ጊዜ አስረዱኝ።