ወፍራም ህብረ ህዋስን በሕይወት ማቆየት፦ የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻዬ

ባለፈው ማስታወሻዬ ህዋስ የተቀላቀለበትን ጄል በባዮፕሪንተር (ሕያው ህዋስ ያለበትን ጄል በንብርብር በሚያትም ማሽን) ባሰብኩት ቅርጽ ማውጣት እንደቻልኩ በደስታ ነግሬያችሁ ነበር። የዛሬው ደግሞ ያ ቅርጽ ከውስጡ ሞቶ ስላገኘሁበት ሳምንትና ከዚያ ወዲህ ባሉት ስምንት ወራት ስለተማርኩት ነው።

ለአዲስ ባልደረቦች ያህል፣ ወደዚህ ሙያ የመጣሁት ከኬሚካል ምህንድስና ነው። ወደ ተሃድሶ ሕክምና፣ ማለትም የተጎዳ የሰውነት ክፍልን በአዲስ ህብረ ህዋስ ወደ መተካት ሙያ፣ የሳበኝ የጣሊያናዊቷ ሳይንቲስት የግራዚየላ ፔሌግሪኒና የባልደረባዋ የሚኬሌ ደ ሉካ ሥራ ነበር። እነርሱ ያሉበት ቡድን በዘር በሚወረስ ሕመም ቆዳው ለተላጠ የ7 ዓመት ልጅ፣ ከራሱ የተወሰዱ ህዋሳትን ጂን አርሞና በቤተ ሙከራ አባዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 80 በመቶ ያህሉን የላይኛ ቆዳውን መተካት ችሏል። እንዲህ ባለ ሥራ ሴት ሳይንቲስት ግንባር ቀደም ሆና ማየቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት ግን የተተከለው ቆዳ ስስ መሆኑን ነው፤ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው አካል ሊመግበው ይችላል። የእኔ ህብረ ህዋስ ወፍራም ነው።

ጄሌ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ በውስጡ የነበሩት ከመቅኔ የተገኙ ግንደ ህዋሳት (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ የሚችሉ ህዋሳት) ናቸው። በ7ኛው ቀን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ሕያው ህዋስን አረንጓዴ፣ የሞተውን ቀይ አድርገው የሚያሳዩትን ማቅለሚያዎች ጨምሬ በማይክሮስኮፕ ስመለከት፣ ዳር ዳሩ እንደ ቀለበት አረንጓዴ ሆኖ እምብርቱ በሙሉ ቀልቷል። ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ማንሳት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማይኮፕላዝማን ነው። ይህ ባክቴሪያ የህዋስ ግድግዳ ስለሌለው በፔኒሲሊን አይሞትም፤ ሚዲያውንም (ህዋሳቱ የሚያድጉበትን የምግብ ፈሳሽ) ስለማያደፈርስ በዓይን አይለይም። ምርመራው ግን ብክለት እንደሌለ አሳየ። ደግሞስ ብክለት ቢሆን ኖሮ ዳርና መሀል መቼ ይለይ ነበር?

መልሱ ርቀት ነበር። በሰውነታችን ውስጥ አብዛኛው ህዋስ ከቀጭን የደም ስር ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ባልበለጠ ርቀት ይገኛል፤ ከዚያ ሲርቅ የሚደርሰው ኦክስጅን ፍላጎቱን አያሟላለትም። ኦክስጅን በጄል ውስጥ በዲፊዩዥን (ከበዛበት ወደ አነሰበት ቦታ በራሱ በመሰራጨት) ብቻ ሲጓዝ፣ ርቀቱ እጥፍ ከሆነ የሚወስደው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ቀመር በተማሪነቴ ስንት ጊዜ አስልቼዋለሁ፤ ስሌቱን ከህዋሳቱ ሕይወት ጋር ያገናኘሁት ግን ያን ቀይ እምብርት ካየሁ በኋላ ነው። ጄሉ በሳህኑ ወለል ላይ ተለጥፎ ስለተቀመጠም የታችኛው ፊቱ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ሮዝ የነበረው ሚዲያ በአንድ ቀን ቢጫ ሲሆን ህዋሳቱ በደንብ እየተባዙ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን አሲድ መከማቸቱን የሚነግረኝ ምልክት አድርጌ እወስደዋለሁ።

ውፍረቱን ወደ 1 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጌ ጄሉን ከወለሉ ከፍ ባለ መረብ ላይ ሳስቀምጠው አብዛኛው ህዋስ ተረፈ። ግቤ ግን ወፍራም ህብረ ህዋስ ስለሆነ በዚህ መርካት አልቻልኩም። ስለዚህ በዋናው ጄል ውስጥ የጌላቲን ክሮችን አትሜ፣ ዋናው በብርሃን ከጠነከረ በኋላ በ37 ዲግሪ እንዲቀልጡ አድርጌ አጠብኳቸው፤ በተረፉት ቀጫጭን ቦዮችም ሚዲያ በፓምፕ ማሳለፍ ጀመርኩ። በድጋሚ ሰንጥቄ ሳይ በየቦዩ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ነበር፤ ቦዮቹ በተራራቁበት ቦታ ግን መሀሉ አሁንም ቀይ ነው።

አሁን የያዝኩት የቦዮቹን ግድግዳ የደም ስር ውስጠኛ ሽፋን በሆኑት ህዋሳት ማልበስ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ህዋሳቱ በክብደታቸው ወደ ታች ወርደው የቦዩን ወለል ብቻ ሸፈኑ፤ ጣሪያው ባዶ ቀረ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ናሙናውን በየ30 ደቂቃው ሩብ ዙር እያዞርኩ ነው፤ ከእናንተ መሀል የማዞሪያውን ጊዜ ለክቶ የሞከረ ካለ ውጤቱን ቢያካፍለኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።