መሬቱን ከመከራየቴ በፊት ያልጠየቅኩት ጥያቄ

ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ዓይን እስኪደክም በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ በሚታይበት ገጠር፣ በፈረንጆቹ 2022 60 ኤከር ተከራይቼ ማረስ ጀመርኩ። የአሜሪካ ገበሬ ከመንግሥት ገንዘብ ያገኛል ሲባል እሰማ ነበር። እውነት ነው። እንዴት እንደሚገኝ በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው ግን አጣሁ፤ ስለዚህ ያለፍኩበትን ልጻፈው።

መጀመሪያ የሚኬደው ኤፍ ኤስ ኤ ወደሚባለው የግብርና መሥሪያ ቤት ነው። የኪራይ ውሌንና መታወቂያዬን ይዤ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ከአየር ላይ የተነሳ የመሬቱን ፎቶ አተመችልኝ፤ ማሳው ሁሉ በመስመር ተከፋፍሎ ቁጥር ተሰጥቶታል። በየቁጥሩ ላይ የዘራሁትንና የዘራሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ሞላሁ። የበልግ ዘር ከሆነ ይህ እስከ ጁላይ 15 መግባት አለበት። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ አይከፈልበትም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የበቆሎና የአኩሪ አተሩ ድጎማ የሚሰላው ዘንድሮ በዘራችሁት ሳይሆን ከድሮ ጀምሮ በመሬቱ ስም በተመዘገበው የማሳ መጠን፣ "ቤዝ ኤከር" በሚባለው ነው። ከኔ 60 ኤከር ውስጥ ቤዝ ያለው 38ቱ ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ የሚታሰበው 85 በመቶው ነው። ጎረቤቴ በተመሳሳይ ኪራይ የያዘው መሬት ከዳር እስከ ዳር ቤዝ አለው። ይህን ያወቅኩት ውል ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። በነገራችን ላይ ኪራዩ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ድጎማው የአራሹ ነው፤ በእኩል ወይም በሲሶ ካረሳችሁ ግን ከባለመሬቱ ጋር ትካፈላላችሁ።

ይህ ድጎማ ሁለት አማራጭ አለው፤ እኔ ፒ ኤል ሲ የሚባለውን መረጥኩ፤ የሚከፍለው የገበያው ዋጋ በሕግ ከተወሰነ መነሻ ዋጋ በታች ሲወድቅ ነው። በ2023 የበቆሎ መነሻ ዋጋ በቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) 3.70 ዶላር ነበር፣ የዓመቱ አማካይ ገበያ 4.55። አንድ ሳንቲም አልመጣም። በ2025 የወጣው ሕግ መነሻውን ወደ 4.10 ከፍ አድርጎታል። ቢከፈል እንኳ የዘንድሮው ምርት ክፍያ የሚመጣው ከሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ ነው። በዚህ ብር ኪራይ እከፍላለሁ ብላችሁ እንዳታቅዱ።

እኔን ያዳነኝ ሌላ ነው። ሁለት ኤከር ላይ ቃሪያና ጎመን እተክላለሁ፤ ፒ ኤል ሲ አትክልት አይነካም። ለዚህ ናፕ የሚባል፣ በአደጋ ለጠፋ ምርት የሚክስ ፕሮግራም አለ። የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ማርች 15 ስለነበር በመጀመሪያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ደርሼ አመለጠኝ። በሁለተኛው ቀድሜ ተመዘገብኩ። የመመዝገቢያ ክፍያው በአንድ ሰብል 325 ዶላር ነው፣ ለጀማሪ ገበሬ ግን ነጻ ነው።

በዚያው ዓመት ሰብሉ ማሳ ላይ እያለ አንድ ምሽት በረዶ ዘነበ። ጠዋት ስሄድ የቃሪያው ቅጠል ተበጣጥሶ ግንዱ ብቻ ቆሟል። በእጅ ለሚለቀም ሰብል ጉዳት የሚነገረው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ እዚያው ማሳው ላይ ቆሜ ደወልኩ። መሠረታዊው የናፕ ሽፋን የሚከፍለው ከምርቱ ግማሽ በላይ ሲጠፋ፣ ከግማሽ በላይ ለጠፋው ብቻ፣ ያውም በገበያ ዋጋው 55 በመቶ ነው። ስንት እንደለቀምን ማስረጃ ሲጠይቁኝ ባለቤቴ በየሳምንቱ በፓውንድ የጻፈችበትን ደብተር አወጣሁ። ጭቃ የነካው ተራ ደብተር ነው። ተቀበሉት፤ የቀጣዩን ዓመት ዘርም የገዛነው በዚያ ገንዘብ ነው።

አሁን ሁለተኛ ማሳ ልከራይ ነው። ስለ ኪራዩ ከመነጋገራችን በፊት ባለመሬቱን የጠየቅኳቸው ቤዝ ኤከሩ የተጻፈበትን፣ 156 ኢዚ የሚባለውን ወረቀት ነው። ሰኞ ይዘውልኝ ሊመጡ ነው።